ቅባት ገልብጠው የሚፈርዱት እትዬ

ሌባ የማይፈራ ሰፈር አይቻለሁ፤ የቅባት ዳኛ የማይፈራ ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በየሕንፃው አንዲት አለች። ሰላም ስትልሽ መዳፍሽን ይዛ ታሸታለች፣ ጉንጭሽን ስትስም ቆዳሽን ትመረምራለች፣ ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ቅባት ወደተደረደረበት የመስታወት ጠረጴዛ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚያልበው።

የእኛ ሕንፃ ዳኛ ከታች የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከኋላቸው ሁላችንም "እትዬ ገልብጪው" እንላቸዋለን። ከፊታቸው እንዲህ ብሎ የጠራቸው የለም፤ ወደፊትም የሚገኝ አይመስለኝም።

ይህን ጠባይ ያመጣው ሙያቸው ይመስለኛል። ልብስ ሰፊ ልብስን በፊቱ አያምንም፤ ገልብጦ ስፌቱን ያያል። እሳቸውም ቅባት ሲይዙ እንደዚያው ናቸው። ፊት ለፊት የተሣለችውን ቆንጆ፣ የሚያብለጨልጨውን ፊደል፣ "በሳምንት ልጅነትሽ ይመለሳል" የሚለውን ተስፋ አያዩትም። "ፊቱን ተዪው፤ ገልብጪው" ይላሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ይወጣል፣ ከኋላ ቅመሙን የሚዘረዝረው ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ ይነበባል፣ ፍርድ ይሰጣል። ይግባኝ የለም።

"ግሊሰሪን። ይሄ ሠራተኛ ነው፣ ይቀመጥ። ኒያሲናማይድ፣ ደህና ልጅ ነው፣ ግን አታቻኩዪው። ሬቲኖል ጉልበተኛ ነው፤ ማታ ብቻ፣ ሽንብራ የምታህል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ አጠገቡም አትድረሺ። ኮላጅን እንግዳ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።"

የባለሱቁ ሚስት ወርቅ ያለበት ክሬም ገዝታ ነበር። እትዬ ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረዱት። "ወርቁ ይኸው፤ ከሽቶውም በታች፣ ከሁሉም ኋላ። ብዙ ያለው ነው ቀድሞ የሚጻፈው። አንቺ የገዛሽው ውኃ ነው እህቴ፤ ወርቁ ምራቂ ነው።" የሹፌሩ ሚስት ደግሞ የቀንድ አውጣ ልጋግ ያለበትን አመጣች። "ቀንድ አውጣዋ በቆዳዋ ብትተማመን ኖሮ ቤት ተሸክማ ባልዞረች" አሏት። ሴትዮዋ ክሬሙን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀብር የምትሸኝ ትመስል ነበር።

አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን መነጽራቸውን ሳይዙ ሦስተኛ ፎቅ የሒሳብ ሠራተኛው ቤት ገቡና ከበሩ ሥር ያለውን ቆርቆሮ አነሡ። ከፍተው በጣታቸው ፈተሹት። "ሰም አለው፣ እርጥበት ይይዛል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሄ ነው" አሉ። የጫማ ቀለም ነበር። ሰውዬው በመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጁ እንኳ የሚፈራው ሰው ነው፤ ግን "ተሳስተዋል" ማለት አቃተው። እዚያው ፊታቸው ካልሲውን አውልቆ ተረከዙን ቀባ። እትዬም "አየህ፣ ወዲያው ለሰለሰ" ብለውት ሄዱ።

እንዲህ ያለ ፍርሃት ብልሃት ማስተማሩ አይቀርም። እትዬ ሳያነቡ የሚያሳልፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቫዝሊን። "ቫዝሊን ምንም ቃል አይገባም፣ ስለዚህ አይዋሽም" ይላሉ። ሕንፃው በሙሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ማንም አዲስ ክሬም ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ በባዶ የቫዝሊን ዕቃ ገልብጦ ዋናውን ዕቃ መጣል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። እትዬ በየቤቱ እየዞሩ ቫዝሊን ሲያዩ "ሰው ልብ ገዛ" እያሉ ደስ ይላቸው ነበር።

ልጄ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። ፊቷ ላይ ብጉር ጥሎት የሄደ ጥቁር ነጥብ ነበር። ከጊዜ በኋላ ነጥቡ ጠፋ፣ ፊቷም ፈካ። ያየ ሁሉ አመሰገናት፣ እኔም አመሰገንኳት። አልጋዋ አጠገብ ያለውን የቫዝሊን ዕቃ አይቼ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ፀጉሯን ስታበጥር አየኋት። ጉንጯ ላይ ቀያይ ክሮች ተዘርግተዋል። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ የሽንኩርት ልጣጭ መስሏል።

"ያቃጥልሻል?"

"ትንሽ።"

"የምትቀቢው ነገር ካለ ተዪዋ።"

"ስተወው ይብሳል እማዬ። ሞክሬው ነበር፤ ፊቴ እሳት ሆነ።"

ፀጉር ቤት ቀላቅለው የሚሸጡት ክሬም ነበር። ዕቃውን ስጠይቃት "ጣልኩት፤ እትዬ እንዳያዩት" አለችኝ። የያዝነው ነጭ ነገርና "ቫዝሊን" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር። ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ቀሚሴን ከኋላ ይዛ ነበር፤ ሕፃን ሳለች እንዲያ ታደርግ ነበር። የእትዬ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ቤት ሄዶ ችግር መናገር አይሆንልኝም። ልጄ ናት ያንኳኳችው።

እትዬ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው የልጄን ፊት አዩ። ከከንፈራቸው ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጡ። ዕቃውን ተቀብለው በልማዳቸው ገለበጡት፣ አነበቡት። ከፍተው አሸተቱ። እንደገና ገለበጡት። መናገሬን እንኳ ሳላውቅ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አላውቅም" አሉ።

እኔ ሁልጊዜ ቁጣቸውን ነበር የምፈራው። ያን ቀን ግን ቢቆጡ በወደድኩ። ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ከጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

"ለምን አላሳየሽኝም?" አሏት፣ ቀስ ብለው።

"ይቆጡኛል ብዬ።"

"እቆጣሻለሁ እንጂ። ተቆጣሁሽ ማለት ጣልኩሽ ማለት ነው እንዴ ልጄ?"

የደንበኛ ልብስ መኪናው ላይ እንደተወጠረ ትተው ጫማቸውን አደረጉ። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ ሳሙና አንብበው አንብበው ፍርድ ሳይሰጡ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ዕቃ አሥሬ ይገለብጡት ነበር። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያኔ ነው የገባኝ።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት። ልጄን ወደ መብራቱ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይወሰድ ጠንካራ መድኃኒት ሳይቀላቀልበት እንዳልቀረ ነገረችን፤ መጀመሪያ ያፈካል፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይበላዋል። በራሷ በአንዴ እንዳታቆም፣ እኛም ሌላ ነገር እንዳንቀባት አስጠነቀቀችን። እኔ መጠየቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ፊቷ ይመለሳል ወይ ዶክተር?" አሉ እትዬ።

"ብዙው ይመለሳል። ግን ወራት ይፈጃል። ክሮቹ ሁሉም ይጠፋሉ ብዬ ቃል አልገባም።"



በማግስቱ እትዬ እንደ ልማዳቸው ከታች ጀምረው በየበሩ አንኳኩ። መነጽራቸውን አላደረጉም። "በቫዝሊን ዕቃ የደበቃችሁትን አውጡልኝ፤ የጣላችሁትን ስሙን ንገሩኝ" አሉ። "እንግዲህ አልቆጣም፤ ምያለሁ።"

መሐላቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፈረሰ። ድምፃቸው ደረጃውን ሞልቶ እኛ ጋ ደረሰ። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ለፊት ነው ለግድግዳ?"

ልጄ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ተኝታ ነበር። ጨርቁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ አነሣሁት። እየሳቀች ነበር። ሳቁ ቆዳዋን ሲወጥረው አመማት መሰለኝ፣ ሁለት ጉንጮቿን በመዳፎቿ ደግፋ ያዘች፤ መሳቋን ግን አላቆመችም።