ጊታሬን ጠግኜ አባቴን ያሳፈርኩበት እሁድ

ጓዶች፣ የቆማችሁ ቁጭ በሉ። የተቀመጣችሁ ደግሞ ስልኩን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ በሳቅ እንዳይወድቅባችሁ።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በዓቢይ ጾም፣ በመሪጌታ ግቢ ውስጥ፣ በገናን ወደ ክራር ለወጥኩት።

እኔ ነኝ! በገዛ እጄ! ያውም ተጨንቄ ተጠብቤ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ እኔ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለውን አስይዛለሁ፣ ውኃ ውስጥ የወደቀውን ነፍስ እዘራበታለሁ። አንድ በሽታ ግን አለብኝ። የተበላሸ ነገር ካየሁ አላስችል ይለኛል። ማንም ጠግንልኝ ሳይለኝ እጠግናለሁ።

የግቢያችን በር ሲከፈት እንደ አህያ ይጮህ ነበር። ዘይት ቀባሁት፣ ጸጥ አለ። በማግስቱ የጎረቤት ፍየሎች ኮሽታ ሳያሰሙ ገብተው የእናቴን ጎመን ሙልጭ አድርገው በሉት። እናቴ እስካሁን «ያን በር ምን አድርገኸው ነው?» ትለኛለች።

ከዚያ መማር ነበረብኝ። ማን ሊማር!

ወደ ጊታሯ ልምጣ።

አምና አንድ ሆቴል ባንዱን በትኖ ዕቃውን ሲያወጣ ከኮተቱ መሃል አገኘኋት። ኤሌክትሪክ ጊታር ናት። ከርካሾቹ ርካሽ። ስሟ ተፍቋል፣ ቀለሟ ተልጧል፣ ክሮቿ ዝገዋል፣ አንገቷ ጎብጧል። ድምፅ ከሚለቅሙት ማግኔቶቿ አንዱ ሞቷል። ባለሆቴሉ «ለማገዶም አትሆን» አለኝ። እኔ ግን ልቤ እዚያው ቀረ።

አምፕሊፋየር ከየት ይመጣል? የአንድ አሮጌ ቴፕ ሆድ ከፍቼ ገመድ አስገባሁና ጊታሯን ሰካሁበት።

ድምፅ ወጣ! ግን ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ?

እዝዝዝዝዝ...

ክሩን ስትነኩት ያጉረመርማል። ይነዝራል። ገንቦ ውስጥ ንብ የገባ ነው የሚመስለው። አንገቷ ስለጎበጠ ክሮቹ ከሥራቸው ያሉትን የብረት መስመሮች እየነኩ ነው የሚርገበገቡት። ለጊታር ሰው ይሄ ትልቅ ነውር ነው። ዩቲዩብ ላይ ይሄን እዝዝታ ማጥፊያ ብቻ የሚያስተምር ቪዲዮ ተቆጥሮ አያልቅም።

አሁን አባባን ላስተዋውቃችሁ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። ጊታሯን ይዤ የገባሁ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው ሄዱ። በቃ። አልተቆጡም፣ አልመረቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ክፍሌ መግባት ተዉ። የመሪጌታ ልጅ የሆናችሁ ያን ዝምታ ታውቁታላችሁ፣ ከአለንጋ ይብሳል።

ጾሙ ሲገባ እኔም ዘፈኑን ተውኩ። ጾም ነዋ! ወደ ማምሻው ከሥራ ስመለስ ወፍራሞቹን ክሮች እየነካካሁ የበገና መዝሙር ዜማ እሞክር ጀመር።

አንድ ቀን ቀና ስል አባባ ደጃፌ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ግን አይደግሙም። ገጹም አይገለጥም።

በማግስቱም መጡ። ከዚያ በኋላማ የቀሩበት ቀን የለም። ደጃፉን አይሻገሩም፣ ቃል አይናገሩም። አንድ ምሽት ብቻ በርጩማቸውን አንስተው ሲሄዱ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ሸጋ ነው» አሉ።

ሸጋ ነው!!!

ጓዶች፣ እኚህ ሰው ከክፍል አንደኛ ስወጣ እንኳ «ደኅና» ነው ያሉኝ። አልጋዬ ላይ ወድቄ በደስታ እንደ ሕፃን ተንፈራገጥኩ።

እና ጭንቅላቴ ምን አለኝ? «እንዲህ ተበላሽታ ሸጋ ከተባለች፣ ብትጠገንማ ምን ልትባል ነው!»

ገባችሁ አይደል? እናንተ ገባችሁ። እኔ አልገባኝም።

ይሄ ሳያንስ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ አባባ እንደዋዛ «እሁድ አያ ድረስ ከድብ ባሕር ይመጣሉ፤ ያቺን ነገርህን ታሰማቸዋለህ» አሉኝ።

አያ ድረስ የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ከአንድ የኔታ እግር ሥር አብረው የተማሩ፣ በአንድ መንደር አብረው ቁራሽ የለመኑ። አሁን ገበሬ ናቸው። ለጉዳይ ጎንደር መጥተው አንድ ሌሊት ብቻ እኛ ዘንድ ያድራሉ፣ ሰኞ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ይመለሳሉ።

አባቴ! ሰው ጋብዘው! የኔን ጊታር ሊያሰሙ!

ከዚያማ ማን ይቻለኝ። በሬን ዘጋሁና ካቻቢቴዬን አነሳሁ። አባባ በርጩማቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ዝግ ነው።

«ምነው ዘጋኸው?»

«ሰርፕራይዝ ነው አባባ!»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሁድ ያዩታል!»

አዩት። ወይኔ፣ አዩት!

ሥራዬን ግን አትናቁብኝ። ዝገቱን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። የሞተውን ማግኔት ሽቦውን ፈልጌ በስታኞ በየድኩት። የድምፅ መጨመሪያዋ ጠፍቶ ስለነበር የጥርስ ሳሙና ክዳን ገጠምኩላት፣ ደግሞ ያምርባታል! አዲስ ክር አሰርኩ። የጎበጠውን አንገት ቀስ እያልኩ በቁልፍ አቀናሁት። የብረት መስመሮቹን በሊማ አስተካክዬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ከፍ አደረግሁ።

ነካኋት።

ቲንንንን!

ጥርት ያለ ድምፅ! እዝዝታ የለ፣ ማጉረምረም የለ። የራስን ግንባር መሳም ቢቻል እስመው ነበር።

በፊትና በኋላ ብዬ ቪዲዮውን እዚሁ ለጠፍኩላችሁ። እናንተም «ገዳይ!» «እጅህ ይባረክ!» እያላችሁ አሞቃችሁኝ። ከእናንተም ጋር ጠብ አለኝ!

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አያ ድረስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። የቴፑ ገመድ አጭር ስለሆነ እኔ ከክፍሌ ደጃፍ ወደ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ እነሱ ከውጭ በርጩማ ላይ። እህቴ ብርቱካን ስልኳን ደግና ቆማለች። እናቴ ጓዳ ሽሮ ትሠራለች።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አያ ድረስ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የየኔታን በገና ነው የሚሰሙት» አሉ።

የየኔታን በገና? ይሄኔ እንኳ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

አያ ድረስ ነጠላቸውን አስተካክለው ጨፈኑ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ክሩን መታሁ።

ቲንንንን!

አያ ድረስ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን አዞርኩና ድምፁን ጨመርኩ። ቲን ቲን ቲንንን!

ሁለተኛውን ገለጡ። ወደ አባባ ዞር ብለው፣ ረጋ ብለው፣ «ምነው መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ክራር ነው!» አሉ።

ወይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ለማታውቁት፣ እኛ ቤት በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የዘፋኝ ነው ተብሎ ነው ያደግነው። የሰይጣን መሣሪያ የሚሉትም አሉ። ያውም በጾም! ያውም ከቅዳሴ መልስ! ያውም አባባ ራሳቸው ሰው ጠርተው!

የአባባ ጆሮ ቀላ። አባባ ሲያፍሩ ጆሯቸው ነው የሚያሳብቅባቸው።

«ይቺ አይደለችም» አሉ። «ያቺን አምጣት፣ የማታ የማታዋን።»

«ራሷ ናት አባባ። ጠግኛት ነው።»

«ምኗን?»

«ያን እዝዝ የሚለውን... አጠፋሁት።»

«አጠፋኸው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ያኔ ገባኝ። በገና እኮ እንዲነዝር ተብሎ ነው ከየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚደረግለት! እኛ ነውር የምንለው ለእሱ ነፍሱ ነው። ለካ አባባ ደጃፌ ላይ የሚቀመጡት የኔን ችሎታ ሊሰሙ አልነበረም። የጎበጠችዋን ጊታር ሊሰሙ ነው። የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጾም ምሽት ይደረድሩት የነበረው በገና በእሷ ውስጥ ይሰማቸዋል። ያን ለጓደኛቸው ሊያካፍሉ ነበር።

እኔ ደግሞ በሊማ ሞርጄ ጣልኩት።

አያ ድረስ ነገ ይሄዳሉ። በዚያ ዕድሜ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ እግዜር ነው የሚያውቀው።

«አንዴ ብቻ ታገሡኝ!» ብዬ ካቻቢቴ አነሳሁ። በእንግዳ ፊት ብረቱን ዝቅ አደረግሁት። ክሮቹ ጭራሽ ታፈኑ፤ ጧ! ጧ! ይላሉ እንጂ አይነዝሩም። ሌላ ዝቅ። ቀጭኗን ክር ሳጠብቃት ተበጥሳ ግንባሬን ገረፈችኝ! ብርቱካን በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋ ከጓዳም ይሰማል።

አያ ድረስ አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ «ልጄ፣ ቆዳ ነው የሚሻው» አሉ።

ቆዳ! አለኝ! ቀበቶዬን ፈታሁ። «ኦሪጅናል ሌዘር ነው» ብሎ የሸጠልኝ ልጅ ጎረቤቴ ነው፣ ይቺንም ያነባታል። በመቀስ ቆረጥኩት።

ካርቶን!

ላዩ ላስቲክ፣ ውስጡ ካርቶን! ጓዶች፣ እስቲ አስቡኝ። ግንባሬ ላይ ሰንበር፣ በአንድ እጄ ጊታር፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ በመሪጌታና በእንግዳቸው ፊት ቆሜያለሁ።

አባባ ተነስተው ሄዱ።

አለቀ፣ ተቀየሙኝ፣ አልኩ። እንባዬ መጣ። አዎ፣ መጣ፣ ምን ይጠበስ?

ግን ተመለሱ። በእጃቸው የዳዊታቸው ማኅደር የድሮ ማንገቻ አለ። ያ ጠፍር ከተበጠሰ ዘመን አልፎታል። ቢሆንም አይጣልም ብለው ሚስማር ላይ ሰቅለው ያኖሩታል፣ እኛ ልጆቻቸው እንኳ አንነካውም። በምላጭ ጫፉን መተሩት።

«አባባ! እሱን?»

«ዳዊትን ሲሸከም የኖረ ነው። ለበገናም አያንስ» አሉና ደጃፉን ተሻገሩ።

ተሻገሩ! ገቡ! ያልተነጠፈ አልጋዬ ላይ፣ ካልሲዬን ገለል አድርገው ተቀመጡ። አያ ድረስም ተከተሉ። እኔ ሱሪዬን በቻርጀር ገመድ አስሬ መሃላቸው ገባሁ።

ከዚያ የሁለቱ ሽማግሎች ክርክር ተጀመረ።

«የኔታ ወደዚህ ጠጋ አድርገው ነበር የሚያስገቡት።»

«ኧረ ወደዚያ ነው መሪጌታ! እርስዎ ያን ጊዜ ቆሎዎን ሲቆረጥሙ መች አይተው!»

«እኔ? ቆሎ የሚሰርቀኝ ማን ሆነና!»

አባቴ ሲስቁ ሰማሁ። እኔ ከተወለድኩ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

አንዱ ክር ላይ ቆዳ ከተትን። ድፍ። ሌላው ላይ ከተትን። ቡፍ። እያወጣን፣ እያሳሳን፣ እየመለስን ቆየን። ከዚያ ወፍራሙ ክር ላይ ደረስን። አባባ ቆዳዋን በጥፍራቸው ገፋ አደረጓትና «ምታት» አሉኝ።

እዝዝዝዝዝ...

አያ ድረስ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባባም ጨፈኑ። ዜማ የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ክር ብቻ ናት። ደግሜ ደጋግሜ መታኋት።

«የኔታ» አሉ አያ ድረስ፣ ለራሳቸው።

አባባ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ዞሩ። ጠፍሩን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ነገ ማታ ደግሞ ሌሎቹን አብረን እናበላሻቸዋለን» አሉኝ።

እናቴ ከጓዳ ሰምታ «በሩንም አበላሹልኝ!» ብላ ጮኸች።

እንግዲህ ይሄን የምጽፍላችሁ ሱሪዬ በቻርጀር ገመድ ታስሮ፣ ግንባሬ አብጦ ነው። ዩቲዩብን ገለባበጥኩት። እዝዝታ ማጥፊያው ሞልቷል፣ ማምጫው የለም። ለካ ሁሉም እንደኔ ጠጋኝ ነው!

እና ወገኖቼ፣ ጊታር በሥርዓቱ ማበላሸት የሚችል ከመሃላችሁ አይጠፋምና ኮሜንት ላይ አስተምሩኝ። አባቴ ነገ ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ሊጠብቁኝ ነው፣ ምን ይዤ ልግባ?