ማይክሮስኮፕ የጎደለው ፊዚዮቴራፒ

ሰው ያለ ፈቃድ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መታመም አንዱ ነው። ወገባችሁ እንቢ ሊል ሲነሣ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ አይመለስም። ጫማችሁን ልታስሩ ጎንበስ እንዳላችሁ እዚያው ያስቀራችኋል። መዳን ግን ወረቀት ይበዛበታል። የሚያድናችሁ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሱን ያስተማረው ኮሌጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የተማረው ትምህርትም ለብቻው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይሁን፣ ደግ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው አንገቴን ሲያዞር ማየት አልፈልግም። ብፈልግም አልችልም፤ አንገቴ ዞሯል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ወገቡ እንቢ ያለ አንድ ሰው፣ ፈቃድ የተከለከለ አንድ ትምህርትና አንዲት ዳኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰይድ እባላለሁ። ወሎ ተወልጄ፣ መንግሥት ለመምህርነት አሰላ መድቦኝ፣ ብርዱ በመጀመሪያው ሳምንት ሊመልሰኝ ሲል ወፍራም ጋቢ ገዝቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ኋላ ማስተማሩን ትቼ በአንድ አነስተኛ የግል ጤና ኮሌጅ ሬጅስትራር ሆንኩ። ሬጅስትራር ማለት የተማሪን ስም የሚጽፍ፣ ስሙ ሲሳሳት የሚወቀስ፣ ሳይሳሳት ሲቀር ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ሰው ነው።

የኮሌጁ ባለቤት ሲስተር ጽጌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በነርስነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ፊት ቆመው የሚዘምሩ፣ ንግግራቸውን እንደ ጸሎት ጀምረው እንደ ትእዛዝ የሚጨርሱ ሴት ናቸው። «ሰይድዬ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ያ ደብዳቤ እስከ ስድስት ሰዓት ይድረስ።» እንዲህ ናቸው።

ነርስነትና አዋላጅነት ስናስተምር ቆይተን ሲስተር አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። «ሰው በስትሮክ ይወድቃል፤ ሐኪም ነፍሱን ያተርፍለታል። ከዚያስ? ቤቱ ወስደው ያስተኙታል፤ እዚያው ግድግዳ ሲያይ ይኖራል። የሚያስነሣው፣ የሚያራምደው ባለሙያ ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒ እንከፍታለን።» አሉ። አንድ ነገር እንከፍታለን ካሉ ደግሞ በሩ ራሱ ያውቃቸዋል።

መምህር ገመቹ የሚባል ጨዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተቀጠረ። አልጋው ገባ፤ ታካሚ በመካከላቸው ቆሞ ይዟቸው የሚራመድባቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ተተከሉ፤ ሰው የሚያህል ሰማያዊ የመለማመጃ ኳስም ተነፋ። ዐሥራ አራት ወጣቶች እንማራለን ብለው መጡ። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ጫልቱ ናት፣ ከሲሬ። አባቷ ግራ ጎናቸው ከዳቸውና ተኝተው ቀርተዋል። «ጋሽ ሰይድ፣ ማሎ፣ መዝግበኝ» አለችኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ ከጫልቱ አፍ ሲወጣ ግን እምቢ ማለት አትችልም ማለት ነው።

እምቢ አልኳት። ሲስተር ፈቃድ ሳይመጣ አንድም ስም እንዳይጻፍ ከልክለዋል። «ጌታ ያያል፤ መሥሪያ ቤቱም ያያል» ብለው።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ መርማሪ ላከ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ የያዘው ቅጽ ግን ትሑት አልነበረም። አልጋውን አለፈው፣ ብረቶቹን አለፋቸው፣ ኳሱን ዞሮት አለፈና፣

«ማይክሮስኮፕ የት አለ?» አለ።

«ለምን?» አሉ ሲስተር።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? ቅጹ ላይ ስድስት ይላል።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ የምናክመው ወገብ ነው። ወገብ በዓይን ይታያል።»

መርማሪው ጥቂት አሰበ። የራሱን ወገብ ሁሉ ዳሰሰ። ከዚያ «የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። የደም ናሙና ማቀዝቀዣ፦ የለም። የሽንት መመርመሪያ ክፍል፦ የለም። ሽንት ቤቱን ብናሳየውም አልተቀበለም።

የክልከላው ደብዳቤ መጣ። ሲስተር «የያዛችሁት ቅጽ የላቦራቶሪ ሙያ ቅጽ ነው» ብለው ጻፉ። «ቅጹ የጸደቀ ነው» የሚል መልስ መጣ። በድጋሚ ጻፉ፤ ያው ዓረፍተ ነገር በአዲስ ቁጥር ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው «ሰይድዬ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ጠበቃ ፈልግ» አሉኝ።

ክሱ ተጀመረ። ዐሥራ አራቱም ወጣቶች የሚማሩት ስለሌላቸው በየቀጠሮው ይመጣሉ፤ ከፊት ወንበር ተደርድረው ደብተር ከፍተው ይጽፋሉ። ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል፤ ለክርክር ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ በሹክሹክታ ትተረጉምልኛለች። ችግሩ፣ ችሎቱ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው ቀልዱ እኔ ዘንድ የሚደርሰው። ሁለት ጊዜ በጸጥታው መካከል ብቻዬን ሳቅሁ። በሁለተኛው ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጫልቱ ቀልድ ሲመጣ እጄን ቀድማ ትቆነጥጠኛለች።

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ አቶ ታምራት ይባላል። ረጅም፣ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ንግግሩም እንደ ሱፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ዛሬ ማይክሮስኮፑን ተዉለት ካልን ነገ ሌላው አልጋውን ተዉልኝ ይላል። ከነገ ወዲያ መምህሩን። ቅጹ የቆመው ለታካሚው ነው» አለ። ጫልቱ ስትተረጉምልኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ፤ ሲስተር በክርናቸው ጎሸሙኝ። እሱ ግን አላቆመም። «ደግሞስ ያላቸው መሣሪያ ምንድን ነው? የውኃ ቧንቧ የሚመስል ብረትና የልጆች ኳስ!»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ሄደን እናየዋለን» አሉ።

በቀጠሮው ቀን አቶ ታምራት ዘግይቶ ደረሰ። ኢተያ ላይ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶት ከኋላው እያዘገመ ነው የመጣው፤ ከሚኒባሱ ሲወርድ ወገቡን ያዝ አደረገ። ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለው መምህር ገመቹ ብቻ ነው። እኛማ ክራቫቱን ነበር የምናየው።

ወደ መለማመጃ ክፍሉ ገባን። ዳኛዋ፣ የችሎቱ ጸሐፊ፣ ሲስተር፣ ጠበቃችን፣ መምህሩ፣ እኔ፣ ዐሥራ አራቱ ልጆች። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። አቶ ታምራት ኳሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህ መጫወቻ ለመሆኑ ምስክር አያስፈልገውም። ማንም ሰው እንዲህ ሊቀመጥበት...»

ተቀመጠበት።

ኳሱ የት መሄድ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስል ነበር። አቶ ታምራት ወደ ኋላ፣ ኳሱ ወደ ፊት፣ አንዱ ጫማ ወደ ጸሐፊው። የመለማመጃው ምንጣፍ ላይ በጀርባው አረፈ። ከዚያ ከመሬት አካባቢ ያ እንደ ሱፉ የተተኮሰ ድምፁ ተሰማ።

«ክብርት ዳኛ፣ ተቃውሞ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በኳሱ ላይ።»

ሊነሣ ሞከረ። አልተነሣም። ፊቱ ነጣ፤ ወገቡ ይዞታል። ሳቃችን ቀረ። መምህር ገመቹ ተንበርክኮ እግሩን ነካ። «ይሰማሃል? ጣቶችህን አንቀሳቅስ። ይደነዝዝሃል?» ሁሉም ደህና ነው፤ ጡንቻው ነው የጨመደደው። «አሁን ቀስ ብዬ አስነሣሃለሁ፣ የማደርገውንም እየነገርኩህ» አለው።

ይሄኔ ሲስተር ጽጌ እጃቸውን አወጡ። እንዲህ ያለ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

«ክብርት ዳኛ፣ መምህሩ ልጆቹ እየሰሙ ቢያስረዳ ያለ ፈቃድ ማስተማር ይሆንብኛል። ልጆቹ ይውጡ?»

በዚያች ቅጽበት ጣሪያው ላይ በረዶ ወረደ። የአሰላን በረዶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ የሚያራግፉ ነው የሚመስለው። ዳኛዋ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ ልጆቹ አዩ፣ ምንጣፉ ላይ ወደተዘረጋው ሕግ ዐዋቂ አዩ።

«በዚህ በረዶ ማንንም አላስወጣም። መምህሩ ለታካሚው ብቻ ይናገር። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።»

ዐሥራ አራቱ ዞሩ። «ጉልበትህን እጠፍ» አለ መምህሩ፣ ለታካሚው ብቻ። «በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ። ጎበዝ። አሁን ትከሻህና ዳሌህ አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ግራ ተንከባለል።» ቀና ስል ምን አያለሁ! ዐሥራ አራቱም ጀርባ አንድ ላይ ወደ ግራ አዘንብሏል። «አሁን በክንድህ ገፋ፣ እግርህን አውርድ።» ዐሥራ አራት ክንዶች አየሩን ገፉ። ዳኛዋ አዩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አደረጉ።

አቶ ታምራት በሁለቱ ብረቶች መካከል ቆመ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት። ጸሐፊው ጫማውን አመጣለት። ክራቫቱን አስተካከለና ሳል ሳል ብሎ፣ «በኳሱ ላይ ያቀረብኩትን ተቃውሞ ትቻለሁ። በማይክሮስኮፑ ላይ ግን እንደጸናሁ ነኝ» አለ። ጠበቃችን ሳይቀር አጨበጨበለት።

ዳኛዋ ሆን ብለው ደጋገሙት፤ በዚያ ክፍል ስለ ወገብ የሆነው ሁሉ ማስረጃ አይደለም፣ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው መሣሪያዎቹ መኖራቸው ብቻ ነው። ፍርዱ የወጣው ከቅጹ ከራሱ ነው። ርዕሱ ላይ ትልቅ ክብ ማኅተም ተረግጦበታል፤ ከማኅተሙ ሥር ጥቃቅን ፊደላት አሉ። ዳኛዋ ቅጹን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ መነጽር ለውጠው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡ፦ «ለላቦራቶሪ ሙያ»። በዚህ ጉዳይ ማይክሮስኮፕ ያስፈለገው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ክልከላው ተሻረ። ሲስተር «ሃሌ ሉያ!» ሲሉ ዳኛዋ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ። ፈቃድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። በራሱ ቅጽ እንደገና ይመርመር ነው ያልኩት።» ተመረመረ። በራሱ ቅጽም አንድ ነገር ጎደለን፤ ታካሚ አቋቋሙን የሚያይበት የግድግዳ መስታወት። ይሄ እንኳ ሲነግሩን ገባን፤ በሳምንቱ ተሰቀለ፤ ፈቃዱ መጣ። በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት ጫልቱ በሩ ላይ ቆማለች። «አሁንስ?» አለች። ስሟን ከሁሉም ቀድሜ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ዕረፍት ሲሬ ሄዳ አባቷን ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር አለማመደቻቸው። ስልክ ደውላ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ አባባ ዛሬ ደጅ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲል ዋለ። ሰላም ሲል ደክሞት ተኛ!» አለችኝ። ሄጄ ለሲስተር ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። ተማሪ ግን ተማሪ ነው። ለመማር ያን ሁሉ ጊዜ የተሟገቱት ልጆች የአናቶሚ ፈተና ሲቃረብ፣ የአጥንቱ ስም አላልቅ ሲላቸው፣ በጫልቱ ተወካይነት አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከላይ «አመልካቾች» ይላል፤ ሥሩ «ተጠሪ» ይላል፤ ተጠሪው እኔ ነኝ። የጉዳዩ ፍሬ ነገር በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል። የሰው ማስረጃ አለ፣ የሰነድ ማስረጃ አለ። መጨረሻ ላይ «የሚጠየቀው ዳኝነት፦ ፈተናው በአንድ ሳምንት እንዲራዘም፤ ተጠሪ መልሱን በጽሑፍ ካላቀረበ አቤቱታው በሌለበት እንዲታይ» ይላል።

ሲስተር ጽጌ ዘንድ ይዤው ሮጥኩ። አንድ ጊዜ አነበቡት፣ ደገሙት። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ድንገት ቀጥ አሉ። ተነሥተው የቢሮውን በር ዘጉ።

«ሰይድዬ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ሳምንቱን ስጣቸውና ወረቀቱን ደብቀው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያለ ፈቃድ የሕግ ትምህርት ስናስተምር ኖረናል።»