ማርሚታው ዝም ሲል

ሊቁ፦ የጭስ ማውጫው ይረዝማል ነው የምትለኝ? በገዛ ቀበቶዬ ለክቼ የገዛሁትን!

ፈዜ፦ ይረዝማል ጋሼ። ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል።

ሊቁ፦ ቢወጣስ? ጭሱ ከኛ ይርቃል። አሮጌ ብረት ሻጩ ከትልቅ መኪና የወረደ ነው ብሎኛል። ትልቅ ነገር ደግሞ መርዘሙ አይቀርም።

ፈዜ፦ ስትለካበት ቀበቶው ወገብህ ላይ ነበር ወይስ ፈትተኸው ነበር?

ሊቁ፦ ምን ለውጥ አለው?

ፈዜ፦ ሆድህን ጨምረህ ለክተህ እንዳይሆን ብዬ ነው።

[ጠባብ ግቢ። አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና የኋላ ጎማዎቿ በድንጋይ ከፍ ብለው ቆማለች፤ የወለቀው አሮጌ የጭስ ማውጫዋ አጠገቧ ተጋድሟል። ሊቁ ከጎኗ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። «ሊቁ» የሚለውን ስም የሚስቱ ቤተሰቦች በሹፈት ነው ያወጡለት፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። መኪናዋን በቅርቡ ከሚስቱ ታናሽ ወንድም ከፈዜ በርካሽ ገዝቷታል። ዛሬ አማቱ፣ የፈዜ አባት፣ ሊያዩዋት ይመጣሉ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ፤ ኮፈን ሳይከፍቱ የሞተር ሕመም በጆሯቸው ይለያሉ። ሊቁ ዘመድ በተሰበሰበበት «ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ በቀር እንከን የላትም!» ብሎ ደረቱን ነፍቶባቸዋል። እሳቸው «እንሰማታለን» ብቻ አሉ። ሊቁን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳው ያ ቃል ነው፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም።]

ሊቁ፦ በል አባትህ ሳይደርሱ ግባ ከሥሯ።

ፈዜ፦ እኔ?

ሊቁ፦ ታዲያ ማን ሊገባ ነው? እኔ የምመራው ነኝ። ጭንቅላት ከላይ ሆኖ ነው የሚያስበው።

ፈዜ፦ [በጀርባው እየተንፏቀቀ ይገባል] ጋሼ፣ ግን ይሄ ማርሚታ ከተቀየረ እኮ…

ሊቁ፦ ልታስተምረኝ ነው? ያዘው ይልቅ!

ፈዜ፦ ምኑን?

ሊቁ፦ ቱቦውን ነዋ! ያዘውና ወደ እኔ ግፋው።

ፈዜ፦ አንተ የት ነህ? ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ እግርህ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ እግሬ ያለበት እኔም አለሁ!

ፈዜ፦ [ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል]

ሊቁ፦ ኡኡ! ቁርጭምጭሚቴን!

ፈዜ፦ እሺ፣ እዚያ ነህ ማለት ነው።

ሊቁ፦ [በአንድ እግሩ እየዘለለ] አንተን የወለደች እናት… አማቴ ባትሆን ኖሮ! በል እሰረው አሁን።

ፈዜ፦ ማንጠልጠያው ጎማ ተበጥሷል ጋሼ። አዲስ ይገዛ።

ሊቁ፦ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ሱቅ የሚሮጠው ማሰብ ያቃተው ነው። እንካ ቀበቶዬን! በእሱ አንጠልጥለው።

ፈዜ፦ ሱሪህስ?

ሊቁ፦ በእጄ እይዘዋለሁ። እጄ እንደሆነ ሥራ የለውም።

ፈዜ፦ እሱስ እውነት ነው።

[ሊቁ በአንድ እጁ ሱሪውን ጨብጦ፣ በሌላው የመኪናዋን ጣሪያ እየደባበሰ ያወራል።]

ሊቁ፦ አየህ፣ ያንተ ነገር የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ለአንድ የዛገ ቱቦ ብለህ እንዲህ ያለች መኪና ከእጅህ አወጣህ! «ማርሚታዋ ይጮሃልና ዋጋ ቀንስልኝ» ስልህ ያለ አንዳች ክርክር ቀነስክልኝ። እህትህን ፈርቼ ነው እንጂ እዚያው በሳቅ ልፈርስ ነበር።

ፈዜ፦ እኔ እኮ ያን ዕለትም ልነግርህ ፈልጌ…

ሊቁ፦ አሁንም ልታስተምረኝ ነው!

ፈዜ፦ ተውኩት። ብቻ በኋላ አዝኜ ነበር።

ሊቁ፦ አይዞህ፣ ትማርበታለህ። ጨረስክ? በል ያንን የበሰበሰ ማርሚታ አንስተህ ጣልልኝ። ጎረቤት ሲያደነቁር ኖሮ ዛሬ ገላገልኩት!

[ፈዜ አሮጌውን ማርሚታ እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ባዶ እጁን ይመለሳል። ሊቁ ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል።]

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ሰማህ?

ፈዜ፦ ምኑን?

ሊቁ፦ ዝምታውን! ይምጡ አሁን አማቴ፣ ጆሯቸውን ተክለው ይስሟት! እኔ እንዲህ ነኝ… [ያቆማል፤ ጆሮውን ያቀናል] ምንድን ነው እሱ?

ፈዜ፦ የቱ?

ሊቁ፦ ያ የሚንኳኳው።

ፈዜ፦ እ፣ እሱማ ሞተሩ ነው።

ሊቁ፦ የሚያፏጨውስ?

ፈዜ፦ ካምቢዮው።

ሊቁ፦ ያ… ያ እንደ በሽተኛ የሚያቃስተውስ?

ፈዜ፦ እሱን እኔም አላወቅኩትም። አባባ ሲመጡ ይነግሩናል።

ሊቁ፦ እስከ ዛሬ የት ነበሩ እነዚህ ሁሉ?!

ፈዜ፦ እዚሁ ነበሩ። ማርሚታው እየጮኸ መች ያሰማል? እኔም ከአባባ ተደብቄ የኖርኩት በእሱ ነው። ማርሚታውን ሰድበው ይሄዱ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው አትነግረኝም፣ አንተ ሰው!

ፈዜ፦ በጀመርኩ ቁጥር «ልታስተምረኝ ነው?» ትላለህ። እኔ ደግሞ ማስተማር አልችልም።

[የግቢው በር ይንኳኳል። «ቤቶች!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። ሊቁ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ይወርዳል፤ ራሱን ሊይዝ ሱሪውን ይለቃል፤ ሱሪውን ሊይዝ ራሱን ይለቃል።]

ሊቁ፦ መጡ! አለቀልኝ! ከእንግዲህ በእናንተ ቤት ስለ መኪና ቀርቶ ስለ አየሩም አፌን ልከፍት አልችልም! ፈዜ፣ የኔ ወንድም፣ ያ አሮጌው ማርሚታ… ጣልከው አይደል? ጣልከው በቃ!

ፈዜ፦ አልጣልኩትም።

ሊቁ፦ እሰይ! ተባረክ! ቶሎ አምጣውና ግጠመው! ለመሆኑ ጣል ስልህ እንዴት ሳትጥለው ቀረህ?

ፈዜ፦ እንዴት ይጣላል ጋሼ? ከመኪናዋ ደህናው ዕቃ እኮ እሱ ብቻ ነው።