የዳሱ ቀርከሃ

እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚይዘን ነገር አለ፤ እናንተንም ሳይነካካችሁ አይቀርም። ለራሳችን ዓመቱን ሙሉ ያልጠረግነውን ደጅ እንጠርጋለን፤ ለልጆቻችን ያላረድነውን ዶሮ እናርዳለን፤ አንዳንዴም እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ራሱን ለመስተንግዶው እናውለዋለን። የመጨረሻውን ያደረግነው እኛ ነን።

ቀበሌያችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ከበላይዋ የቀርከሃ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ሥር ምንጭ አለ። ኮረብታው ሲመነጠር ምንጩ ቀጠነ፤ ሴቶቹ አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ወረፋ ይጠብቁ ጀመር። አባቴ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰው ነውና የደረቀ ምንጭ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ «ከዚህስ ወዴት ልንሄድ ነው?» ይል ነበር። ተሰብስበን ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ መረጥን፤ ኮረብታውን ከለልን፤ እርከን ሠራን፤ ደንብም አወጣን። አንድ ቀርከሃ የቆረጠ አንድ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍራል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

ጥበቃ የሆኑት ጋሽ ሀሩን የሚባሉ የበርታ አዛውንት ናቸው። በሽማግሌዎች ፊት «አንድም አይወጣም» ብለው ማሉ፤ አንድም አላስወጡም። የገዛ ቤታቸው የቀርከሃ ግድግዳ ምስጥ በልቶት ሲያዘነብል፣ ሚስታቸው «ሰው ጫካ እየጠበቀ ራሱ ሜዳ ላይ ያድራል?» ቢሏቸውም ከኮረብታው ስንጥር አልነኩም። እኛ በልባችን እንስቅባቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ምንጩ ወፈር አለ። ወሬው ርቆ ደረሰና እንግዶች ሊጎበኙን ሆነ። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ዳስ ያስፈልጋል። እዚህ አገር ደግሞ ዳስ በቀርከሃ ነው፤ ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። ቆረጣው ጋሽ ሀሩን ገበያ ለሚውሉበት ቀን መቀጠሩን ሳስታውስ ግን፣ ትንሽ ሳናስብ አልቀረንም። አርባ ቆረጥን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

እንግዶቹ መጡ። አንደኛው ምሰሶውን መታ መታ አድርገው «ከዚሁ ከጥብቁ ደን ነው? ግሩም ነው!» አሉ። አጨበጨብን። የምስክር ወረቀት ሰጡን። ጋሽ ሀሩን አላጨበጨቡም፤ የዳሱን ቀርከሃ ይቆጥሩ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዶማ ይዘው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ቀርከሃ አርባ፣ ጉድጓድ አርባ። አንተ ነው የጻፈው» አሉኝ።

ስለ እንግዳ ክብር ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ አፈርኩና ዶማውን ተቀበልኩ። ሰባታችን የኮሚቴ አባላት ሦስት ቀን ቆፈርን፤ እሳቸው ጥልቀቱን በክንዳቸው እየለኩ።

ስንጨርስ ዳሱ ፈረሰ። ክረምት ሊገባ ነው፤ የእሳቸው ግድግዳ ደግሞ እንደነገርኳችሁ ነው። ልክሳቸው ፈልጌ «ጋሽ ሀሩን፣ መቼም የተቆረጠ አይቀጠል፤ ቤትዎን ይጠግኑበት» አልኳቸው።

«እሱ ሀራም ነው። ቤት አይገባም» አሉና ለምንጩ አጥር አደረጉት።

ግድግዳቸው በክረምቱ ሦስተኛ ዝናብ ወደቀ፤ አሁን ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል። ምንጩ ሞልቶ ይፈሳል። የምስክር ወረቀቱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የሰባታችን ስም ተዘርዝሯል፤ የጥበቃው የለበትም። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።