ካዚኖ ውስጥ «ኖር!» ያልን ቀን

ጡረተኛ ካዚኖ የሚሄደው ገንዘብ ፍለጋ ነው የሚል ሰው ወይ ጡረታ አልወጣም፣ ወይ ካዚኖ ገብቶ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ... ልጄ ሄለን ናት!

ሄለን አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ከተማ ቢሮ አላት። ሥራዋ ሰዎችን «ገንዘባችሁን እንዲህ አስቀምጡ» እያለች መምከር ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላውን መክራ መክራ፣ የተረፋትን ምክር ወደ ቤት ስትመለስ መኪና ውስጥ ሆና ለእኔ ትደውልልኛለች።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ! ያ የቁማር ማሽን እኮ ፕሮግራም የተደረገው አንተን እንዲበላ ነው።»

«ልጄ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ስሠራ ያልበላኝ ማን አለ? ይሄኛው ቢያንስ ሲበላኝ ሙዚቃ ያጫውትልኛል!»

«ሲኒየር ሴንተር ሂድ፣ ቢንጎ አለልህ።»

«ቢንጎ የሽማግሌ ነው!»

ስልኩ ይዘጋል። አይፈረድባትም፣ ገና ሠራተኛ ናት። ሠራተኛ ሰው ዕረፍት የሚባለው ነገር የሚያስደስት ይመስለዋል። እናንተም ገና የሥራ ሰዓት ካርድ መቺዎች ከሆናችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፣ ነገ በናንተም ይደርሳል!

እኛ የአትላንታ ጡረተኞች ታዲያ ለኃጢአት እንኳ አልታደልንም። ጆርጂያ ካዚኖ አትፈቅድም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ አጠገባችን ታከር ከተማ ውስጥ አንድ የገበያ ቦታ ፓርኪንግ ላይ ተሰብስበን፣ በአውቶብስ ካዚኖ ወዳለበት ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች እንወጣለን። ገዳም ሊሳለም የሚሄድ ሰው እንኳ እንደኛ በጠዋት አይነሣም። አለቃችን እትዬ አስካለ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ፣ አሁን ደግሞ እኛን ያነጥፉናል። አውቶብሱ ሳይንቀሳቀስ ስም ይጠራሉ፣ መድኃኒት መያዛችንን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ጸሎት ያስደርጋሉ። ግማሹ ኦርቶዶክስ፣ ግማሹ ጴንጤ ነን፤ «አሜን» ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን እኔ አላርፍ ብዬ፣

«እትዬ፣ የምንጸልየው ለመንገዱ ነው ለማሽኑ?» ብላቸው፣

«ለመንገዱ ነዋ! የማሽኑን ወሬማ እግዜር ባይሰማው ነው የሚሻለን!» አሉኝ።

አሁን ወደ ጋሽ ኃይሉ ልውሰዳችሁ፤ የዛሬው ወግ የእሳቸው ነው። ጋሽ ኃይሉ የአውቶብሳችን ታላቅ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸው በግቢው በር ሲገቡ ተማሪው ሁሉ ብድግ፣ አስተማሪው ሁሉ ቀጥ ይል ነበር አሉ። ዛሬ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ክፍል ሰጥቷቸዋል፣ ትልቅ ቲቪ ሰጥቷቸዋል። ችግሩ ሳሎን ነው። ጋሽ ኃይሉ ከክፍላቸው ወጥተው ሳሎን ሲገቡ አንድ ሰው ቀና አይልም። ሁሉም በየስልኩ ውስጥ ነው ያለው። አንዴ አውቶብስ ላይ፣

«እኔ ስገባ የልጅ ልጆቼ የሚሉኝ አንድ ነገር አለ» አሉኝ።

«ምን ይላሉ ጋሼ?»

«‹በሩን ዝጋው!›»

ሳቅኩኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ማክሰኞ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይመጣሉ። እኛ ካዚኖው ገብተን በአንድ ረድፍ ማሽኖቻችን ላይ ከተሰደርን በኋላ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብቅ ይላሉ። ያኔ ረድፉ በሙሉ ብድግ!

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር! አትነሡ ልጆቼ፣ አትነሡ!»

እዚህ አገር የተወለዳችሁ ልጆች ካነበባችሁኝ ልንገራችሁ፣ ይሄ የኛ ወግ ነው። ታላቅ ሲገባ ታናሽ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ታላቅም «አትነሡ» ይላል። «አትነሡ» የሚባለው ከተነሡ በኋላ መሆኑን ግን ልብ በሉ! ጋሽ ኃይሉ «አትነሡ» ብለው ያልፋሉ፣ ባንኮኒውን ይዞራሉ፣ ቡፌውን ይዞራሉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ በዚያኛው ጫፍ ይገባሉ። እኛም እንደ አዲስ ብድግ! ጉልበታችን ሲንቋቋ ከማሽኑ ሙዚቃ በላይ ይሰማል። እሳቸው ቁማሩን እምብዛም አይነኩትም። የሚመጡት ለዚያች ብድግታ ነው። እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ማወቃችንን ያውቃሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ነገር ተበላሸ።

ጋሽ ኃይሉ ሲመጡ እንደ ልማዳችን በአንድ ላይ «ኖር!» ብለን ተነሣን። ከኛ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ላይ ከአላባማ የመጡ ጡረተኞች ነበሩ። ምስኪኖች፣ አንድ ረድፍ ሙሉ ሰው እየጮኸ ከማሽን ላይ ሲነሣ አይተው አያውቁም። ካዚኖ ውስጥ ሰው ከማሽኑ በፈቃዱ የሚነሣው ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው! አንዱ «ፋየር!» አለ። ያቺ ቃል አዳራሹን ዞረች። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ... በዎከር ተደግፎ ሲንፏቀቅ የነበረ ሰውዬ ዎከሩን ጥሎ ሲሮጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ካዚኖ ተአምር አይሠራም ያለው ማነው? አንዱ የቡፌ ሰሃኑን እንደያዘ፣ ሌላው የሰው ባርኔጣ ደፍቶ ወደ በሩ ነጎደ። አንዲት ሮዝ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን አሜሪካዊት ብቻ ማሽናቸውን አቅፈው፣

«ልቃጠል እንጂ ይሄን ማሽን ለሰው አልሰጥም!» እያሉ ይጮኻሉ።

ጋሽ ኃይሉስ? ጋሽ ኃይሉ ያን ሁሉ አዳራሽ ሙሉ ፈረንጅ ብድግ ሲል ባዩ ጊዜ እንባቸው ግጥም አለ። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ግራና ቀኝ እየሰገዱ፣

«በእግዚአብሔር! ኧረ በእግዚአብሔር! አትነሡ!» ይላሉ።

ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ጥበቃው እኛ ዘንድ መጣ። የሰውዬው ትከሻ ብቻውን ሁለት ማሽን ይሸፍናል። ከረድፉ ታናሹ እኔ ስለሆንኩ እትዬ አስካለ ከኋላዬ ገፋ አደረጉኝ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ግን እዚያ ውኃ የምላክ ልጅ ነኝ።

«ለምን ተነሣችሁ? የማጭበርበሪያ ምልክት ነው?»

«የለም። ሽማግሌ መጥቶ ነው።»

ጥበቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አየን።

«የቱ ነው ሽማግሌው?»

ልክ ነበር፣ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። እያስረዳሁት ሳለ ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ የሄለን እኩያ ነው፣ እንደሷም ፈገግ እያለ ነው ክፉ የሚናገረው። ካልቸራችንን እንደሚያከብር ነገረኝ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግመን በአንድ ላይ ከተነሣን አውቶብሳችን ሁለተኛ እዚያ ግቢ እንደማይደርስ ነገረኝ። ጥበቃውን እዚያው ቆሞ እንዲያየን አዘዘና ሄደ።

ጋሽ ኃይሉ ያኔ መታጠቢያ ቤት ነበሩ፣ ምንም አልሰሙም። እትዬ አስካለ ጉባኤ ጠሩ።

«አንነሣም!» አሉ። «ተነሥተን ማክሰኞን ከምናጣ፣ ቁጭ ብለን ብንነወር ይሻላል።»

«ለጋሼ ማን ይንገራቸው?» አልኩ።

ሁሉም ወደ ማሽኑ ዞረ።

ጋሽ ኃይሉ መጡ። ረድፉ ራስ ላይ ደረሱ። ቆሙ። እኛ ቁጭ! አንገታችንን ቀብረን ቁልፍ እንጫናለን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኛ አሁንም ቁጭ!

«ምነው... ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን ጋሼ!» አልን፣ ወደ ማሽኑ እያየን።

ጋሽ ኃይሉ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። በሩን ሳይዘጉ የገቡ መስሏቸው ነው።

ወገኖቼ! ማክሰኞም ይቅር፣ አውቶብሱም ገደል ይግባ! አልኩና ብድግ አልኩ። «ኖር ጋሼ!» እትዬ አስካለ «አንተ የማትረባ!» አሉኝና እሳቸውም ተነሡ። ከዚያ ረድፉ በሙሉ ተከተለ። ጥበቃው ሬዲዮውን አፉ ላይ ደቅኖ ሲመጣ አየሁት። አለቀልን!

ይሄኔ እኚያ ባለ ሮዝ ኮፍያ ሴትዮ እጄን ያዙኝ። አንገታቸው ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ካዚኖው ለሚሳሳላቸው ደንበኞቹ ብቻ የሚሰጠው ነው።

«ደግሞ አሁን ምን ሆናችሁ?»

ነገርኳቸው። ታላቅ ሰው ሲመጣ እንነሣለን አልኩ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሁለት።»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ልጅ ነው! እኔ ዘጠና አንድ ነኝ!»

ለጋሽ ኃይሉ ተረጎምኩላቸው። መጀመሪያ ያልሰሙ መሰለኝ። ቀጥሎ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጀርባቸው ቀና፣ እግራቸው ገጠም አለ፣ ሰልፍ ላይ እንደ ቆመ ተማሪ ሆኑና ጎንበስ ብለው፣

«ኖር እናቴ!» አሉ።

እኔ ጋሽ ኃይሉን ስንት ማክሰኞ ሳውቃቸው ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ለካስ ጋሼ የሚነሣላቸው ብቻ ሳይሆን እሳቸው የሚነሡለትም ሰው አጥተው ኖረዋል! በሄዱበት ሁሉ ታላቁ እሳቸው ናቸው። ከሳቸው የሚበልጥ ሰው የቀረው ካዚኖ ብቻ ነው!

«ምን ብዬ ልመልስለት?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«‹በእግዚአብሔር› ይበሉ።»

እንደ ምንም አሉት፤ ጥርሳቸው ሊወልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሩ።

«ስማ፣ ሦስት ባል ቀብሬአለሁ፣ አንዱም ተነሥቶልኝ አያውቅም። እነዚህን የምታስወጣ ከሆነ እኔም ካርዴን ይዤ ሄድኩ!»

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ካርዱን አየ፣ እኛን አየ፣ ካርዱን አየ። ካልቸራችንን በጣም፣ በጣም እንደሚያከብር ነገረን። ማክሰኞ ከሞት ተነሣች!

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ሁሉም ተበልቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጋሽ ኃይሉ ብቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያያሉ።

«ቀናዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጅ ሆኜ ዋልኩ» አሉኝ።

ቤቴ ስደርስ ሄለን ከነባልዋ ከነልጆችዋ መጥታ ሶፋው ሞልቷል። በሩ ላይ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሄለን ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ፣

«አባዬ፣ ዛሬስ ስንት ተበላህ?» አለችኝ።

ማንም አልተነሣም። ያ ለገና የገዛችልኝ፣ ብቻውን እየዞረ ወለል የሚጠርገው ክብ ማሽን ብቻ እየተንፏቀቀ መጥቶ እግሬ ሥር ሲደርስ ቆመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወደ ኋላ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ኮፍያዬን አወለቅኩና ጎንበስ አልኩለት።

«በእግዚአብሔር! አትነሣ ልጄ፣ ሥራህን ቀጥል!»