የበሽተኛው አፍ

በየጤና ጣቢያው ከበሽታው የባሰ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱም በሽተኛው ሲጠየቅ የሚመልሰው ነው። በደርግ ጊዜ ጤና ረዳት ሆኜ በሠራሁባት ላሊበላ ይህን ሹመት የያዙት አያ ከፋለ ነበሩ፤ ክቡር የሕሙማን አፈ ጉባኤ! ማን ሾማቸው? ማንም። እግዜር አፍ ሲያድል ሁለቴ የተሰለፉ ሰው ናቸው። ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ቃሬዛ ባዩ ቁጥር ተከትለው ይገባሉ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» እላለሁ። በሽተኛው አፉን ሳይከፍት፣ «እኔ ልንገርዎ ሐኪም፣ ጨጓራውን ነው» ይላሉ።

«ኧረ ጥርሴን ነው!»

«ከጨጓራው የመጣ ነው!»

ባስወጣቸው በመስኮት ይመልሱልኛል። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባም «ሰፊው ሕዝብ ተስማምቷል!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ፤ ሰፊው ሕዝብ እያንቀላፋ። እውነቱን ልናገር፣ ዓይናቸውን ማየት ያስጠላኝ ነበር።

በሁዳዴ አጋማሽ በቃሬዛ የመጡት የገዛ ሚስታቸው ሆኑ። እትዬ ይማርሽ የልብ ድካም ነበረባቸው፤ ከወልድያ ክኒን ታዞላቸዋል። እግራቸው አብጧል፣ መተኛት አልቻሉም፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ልብ የሚያበረታ መርፌ አለኝ። ጭንቁ ግን መርፌውና ክኒኑ አንድ መድኃኒት መሆናቸው ነው። ክኒኑን እየዋጡ ከሆነ መርፌው ሲደረብበት ይገድላቸዋል፤ ካልዋጡ ደግሞ ያለ መርፌው አይተርፉም።

«ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«እኔ ልን...» አሉ አያ ከፋለ። ሚስታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።» ተንበረከኩ። «ይማርሽ፣ በሞቴ፣ አንቺው ተናገሪ።»

«ጾም... ከገባ... አልዋጥኩም።»

ለካ ጠዋት ጠዋት የታዘዘውን ክኒን «ቅዳሴ ሳይወጣ ምን ሲደረግ በአፌ ይገባል!» ብለው ትተውት ኖሯል። መርፌውን ቀስ አድርጌ ሰጠኋቸው። እኒያ ለፍላፊ እንደ ልማዳቸው «ትወስዳለች!» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ መልሼ አስቀምጠው ነበር፤ ሴትዮዋም በእጄ ላይ ያልፉ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ይማርሽ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ ትንፋሻቸው ተመልሷል።

«እንዴት አደሩ?»

አያ ከፋለ ጥግ ይዘው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል።

«ምን እንቅልፍ አለ?» አሉ እትዬ ይማርሽ። «ምንሽን ነው የሚያምሽ እያለ ሲጠይቀኝ አደረ።»

ያ የሰለቸኝ ድምፅ ናፈቀኝ፣ ያውም እኔን! «ኧረ አያ ከፋለ፣ ይናገሩ እንጂ!» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። እትዬ ይማርሽም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁላቸው።

«እኔ ልንገርዎ ሐኪም፤ ተሽሎኛል ብላለች።»