የጓድ ሊቀ መንበር ሁለተኛ ዓይን

በአገራችን ከጅብ የባሰ የሚያስፈራ ነገር የለም የሚል ሰው፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አላጋጠመውም ማለት ነው! ጅብ የሚመጣው ሲርበው ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ሳይጠሩት መጥቶ ይመክራል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም... እኔው ራሴ አንደኛ ዓመት ስለ ሆንሁ ነው።

ለዕረፍት ቢቸና እንደ ገባሁ፣ ኅብረተሰቡን ልጥቀም ብዬ የሠዓሊው የጋሽ ምናሉ ቀለም በጥባጭ ሆንሁ። ጋሽ ምናሉ ሞጣ ተወልደው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ መፈክር ጸሐፊ ተደርገዋል፤ ብሩሻቸው ግን በመፈክር ብቻ አልረካ አለ። የታች ሰፈር ሰው አቤቱታውን ለቀበሌ ከመንገሩ በፊት ለእሳቸው ይነግራል፤ እሳቸውም ግድግዳ ላይ ያወጡታል። የኮረብታው ዛፍ ሲመነጠር፣ ጉቶ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ወፍ ሥለው ስንቱን መጥረቢያ እንዳሳፈሩት!

የዚያን ሰሞን ጭንቃቸው ምንጩ ነበር። ቀበሌው የማረጃውን ፈርስ የሚደፋው ከታች ሰፈር ምንጭ አናት ላይ ነው። ላይ ሰፈር ሥጋውን ይበላል፤ ታች ሰፈር ፈርሱን ይጠጣል! «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው፤ ታች ሰፈር ጥሩውን ከየት ያምጣ? ልጆች በሆድ ቁርጠት ሲያለቅሱ ያድራሉ። አቤት ሲባል ደግሞ «በአጀንዳ ተይዟል» ነው መልሱ። አጀንዳ ማለት፣ አንባቢዬ፣ ነገር ሳይሞት የሚቀበርበት ጉድጓድ ነው።

ታዲያ ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ሥዕል ከነመፈክሩ በምንጩ መንገድ ባለው ግድግዳ ላይ ይሣል አለ። ከፊት የቀበሌያችን ጓድ ሊቀ መንበር አካፋ ይዘው፣ ከኋላ ሰፊው ሕዝብ። (የሊቀ መንበሩን ስም አልጽፍም፤ ገና ትምህርቴን አልጨረስሁም።)

«ፊታቸውን ወደ ምንጩ አዙሬ እሥላቸዋለሁ» አሉኝ ጋሽ ምናሉ። «ራሳቸውን ፈርሱ ፊት ቆመው ሲያዩት ያፍሩ ይሆናል።»

እኔ ልምከር እንጂ! «የለም ጋሼ! አብዮታዊ ሰው ፊት ለፊት አያይም። አደባባይ የተሰቀሉትን ጢማም ጓዶች አላዩም? ሁሉም በጎን ናቸው። ወደፊት ነው የሚያዩት!»

«በጎን?» አሉ ጋሽ ምናሉ፣ ብሩሻቸውን አቁመው።

«በጎን!»

«እርግጠኛ ነህ፣ ልጄ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርሁ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር። ለካ ጓድ ሊቀ መንበር ከኋላችን ቆመው ይሰማሉ! «እንደ ጢማሞቹ?» አሉ፣ ጢም የሌለው አገጫቸውን እየዳሰሱ። «ተማሪው ንቃት አለው። በጎን ይሁን!»

«እንዳላችሁ» አሉ ጋሽ ምናሉ። በዚያች «እንዳላችሁ» ውስጥ የነበረውን ፈገግታ ያኔ ባየሁት ኖሮ...

የምረቃው ቀን ሥዕሉን የሸፈነው አቡጀዲ ተገለጠ። ሊቀ መንበሩ በጎን፣ በአንድ ዓይናቸው፣ አካፋቸውን ጨብጠው ይራመዳሉ። እንስራ ያዘሉት የታች ሰፈር ሴቶች ግን ፊት ለፊት፣ ሁለት ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል።

መጀመሪያ የጮኹት አሮጊቷ መነኩሲት እማሆይ ወለቴ ናቸው። «በስመ አብ! ምነው ምናሉ፣ ሰይጣንን አካፋ አስያዝኸው?»

ይኼኔ ገባኝ! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ይህን ሥዕል አንብቦ ያድራል። ያላነበብሁት እኔ ብቻ!

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ሊቀ መንበሩ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

«አለ፣ ጓድ... ከግድግዳው በወዲያ በኩል ነው።»

«ፀረ አብዮት ነህ እንዴ አንተ!»

ጋሽ ምናሉ ቀደሙልኝ። «በጎን ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ። ሕዝብ ሰምቷል።»

ከዚያ ወዲያ ለሊቀ መንበሩ ሰላም የለም። ከየጁቤ የመጣ ገበያተኛ ሳይቀር «አካፋ የያዘው ይሁዳ የታለ?» እያለ መንገድ ይጠይቃል። ሥዕሉን ላጥፋው እንዳይሉ መፈክር አለበት፤ መፈክር ማን ያጠፋል! በመጨረሻ ራሳቸው መጡ።

«ዓይኔን ጨምርልኝ፣ ጋሽ ምናሉ።»

«ሁለት ዓይን ለጻድቅ ነው፣ ጓድ። ያለ ሥራ ብጨምር ሕዝቡ ይታዘበኛል። እማሆይን ይጠይቁ።»

እማሆይ ወለቴ አላመነቱም። «ፈርሱ ከምንጩ አናት ይነሣ፤ ቀለሙን እኔው እበጠብጣለሁ።»

ያ በአጀንዳ ተይዞ የኖረ ነገር ዘመቻ ሆነ! ሊቀ መንበሩ ራሳቸው አካፋ ይዘው ከፊት ወጡ። ምንጩ ጠራ። ጋሽ ምናሉም ፊታቸውን መልሰው፣ ሁለት ብሩህ ዓይን ሣሉላቸው። እማሆይ ሥዕሉን አዩና «አሁን ሰው መሰሉ» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ፈርሱ ወዴት ሄደ አትሉኝም? ላይ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ጓሮ! እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «መማርህ ይኸን አመጣልን?» አለችኝ።

ወደ ጋሽ ምናሉ ሮጥሁ። «ጋሼ፣ ያን ዓይን ያጥፉልኝ!»

«የተሰጠ ዓይን አይነሣም» አሉኝ። «ይልቅ የጓሯችሁ ግድግዳ ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው።»

«እንግዲያው ሂድና ሊቀ መንበሩን በየት በኩል ልሣልዎት በላቸው።»

ሄድሁ። ቢሯቸው ገብቼ እጅ ነሣሁና፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጋሽ ምናሉ ሌላ ሥዕል...» ከማለቴ፣ ሁለቱን ዓይኖቻቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ በሩ ጮኹ፦

«አካፋ አምጡ! ቶሎ! ለፈርሱ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ ይቆፈር!»